ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር፤ ፀጉር የሚያጠፋው ሌዘርና የልጆቻችን ቆዳ

ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም አንኮበር ውስጥ ዛሬም ስሜ «ሲስተር» ነው። ገበያ ስወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳይቀር ሰው ጠጋ ብሎ ይጠይቀኛል። ድሮ የምጠየቀው ስለ ልጅ ተቅማጥ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ነበር። አሁን አሁን ግን ሌላ ጥያቄ በዛብኝ፦ «ሲስተር፣ ይሄ ፀጉር በጨረር የሚያጠፉት ነገር ለልጄ ይሆናል?» የምትጠይቀኝ እናት ናት፤ አንዳንዴም አያት። ልጅቷ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ትሠራለች፣ ማስታወቂያውን ስልኳ ላይ አይታለች፣ ገንዘቡን ግን ቤተሰብ እንዲያግዛት ትፈልጋለች። ስለዚህ ነገሩ የወጣቶች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የኛም ሆኗል።

የቆዳ ሐኪም አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅሁ ነርስ ነኝ፤ አብዛኛው የሥራ ዘመኔ ያለፈው በጤና ጣቢያ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው የራሴን የልጅ ልጆች ይዞ ቤቴ ሲገባ አነበብኩ፣ ባለሙያ ጠየቅሁ፣ ልጆቹንም ይዤ ሄድኩ። የምጽፈው ያንን ነው።

ልጆቹ ሁለት እህትማማቾች ናቸው። ትልቋ ሃያ ሁለት ዓመቷ ሲሆን እኛ «ቀይ» የምንላት ዓይነት ናት። ታናሿ በአባቷ ወጥታለች፤ ጠይም ናት፣ ክረምት ካልሆነ በቀር ወደ ጥቁሩ ታደላለች። አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ ሁለት መልክ። በኛ አገር ይህ የሚያስገርም አይደለም። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከአፍሪካውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎችን ቆዳ ለክተው እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የአፍሪካውያን ቆዳ አንድ ወጥ ሳይሆን እጅግ የተለያየ መሆኑን አሳይተዋል። ቆዳን ከሚያፈኩት ዘረ መሎች አንዱ፣ አውሮፓውያን ዘንድ የታወቀው፣ በኢትዮጵያውያንም ዘንድ በብዛት እንደሚገኝ ጽፈዋል። አንድ ማዕድ ከብበን ስንቀመጥ የምናየውን በመሣሪያ ለክተው አረጋገጡት ማለት ነው።

ትልቋ አገጯ ሥር ፀጉር ይበቅልባታል። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ስትነቅል ኖራለች። በኮሮና ጊዜ የአፍ መሸፈኛ ግዴታ ሲሆን ደስ ያላት ሰው ብትኖር እሷ ናት፤ ሰው ሁሉ ካወለቀ በኋላም ሳታወልቅ ቆየች። የሥራ ቦታ ምሳ ላይ ከሰው ጋር አትቀመጥም ነበር። «ወንዳወንድ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሰምታዋለች፤ አንድ ጊዜ በቂ ነው። ታናሿ ግን እንዲህ ያለ ችግር የለባትም፤ እግሯን መላጨት ሰልችቷት ነው። «ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁ ቅናሽ አለ» የሚል ማስታወቂያ አይተው ለመሄድ ተስማሙ። ለሁለቱ የመጀመሪያ ክፍያ የኔ የጡረታ ገንዘብ ታሰበ።

እኔን ያሳሰበኝ ክፍያው አይደለም። ሁለት የተለያየ ቆዳ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሽን መባሉ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፀሐይ በወጣበት ቀን ነጭ ጋቢና የመንዝ ጥቁር በርኖስ አጥር ላይ ጎን ለጎን አስጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእጃችሁ ዳስሱ፤ በርኖሱ ይሞቃል፣ ጋቢው ለብ ብሎ ይቀራል። ጥቁር ነገር ብርሃንን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሌዘር ፀጉር የሚያጠፋውም በዚሁ መንገድ ነው። ብርሃኑ የፀጉሩን ጥቁር ቀለም፣ ሜላኒን የሚባለውን፣ ፈልጎ ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ወደ ፀጉሩ ሥር ወርዶ አብቃዩን ክፍል ይጎዳል። ችግሩ ሜላኒን ፀጉር ውስጥ ብቻ አለመኖሩ ነው። የቆዳችንን ቀለም የሚሰጠውም ራሱ ሜላኒን ነው። ነጭ ጋቢ ላይ የወደቀ ጥቁር ክር ለይቶ ማሞቅ ይቻላል። ክሩ የወደቀው በርኖስ ላይ ከሆነ ግን ብርሃኑ ክሩን ሳያገኝ በርኖሱን ያቃጥለዋል።

ሌዘር የሚባለው ብርሃን መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ ከሩቢ ድንጋይ አፈለቀው። አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ትክክለኛውን የብርሃን ዓይነትና ትክክለኛውን ቅጽበት ከመረጡ በዙሪያው ያለውን ሳይነኩ አንድን ባለቀለም ነገር ብቻ ማሞቅ እንደሚቻል ጻፉ። ፀጉር ማጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ነው። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች የሚስማሙት ነጭ ቆዳና ጥቁር ፀጉር ላለው ሰው ነበር። ለኛ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ማሽን ቆይቶ የመጣ ነው፤ የቆየው ግን ገና ከገበያ አልወጣም።

አሁን ወደ መልክ ስም ልመለስ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በአማርኛ የሰው መልክ የራሱ ሚዛን አለው፦ ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። ሚዛኑ እርስ በርሳችን የምንተያይበት ነው። የቆዳ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ደግሞ ሌላ ነው፤ ፊትዝፓትሪክ የተባሉ የሃርቫርድ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት። እሳቸው ሲያወጡት ስለ ፀጉር አላሰቡም፤ ለቆዳ በሽታ የብርሃን ሕክምና ሲሰጡ ለማን ምን ያህል ይበቃል የሚለውን ለማወቅ ነበር። በመጀመሪያ አራት ደረጃዎች ብቻ ነበሩት፤ ሁሉም ለነጮች። አምስተኛውና ስድስተኛው፣ ማለትም ጠይሙና ጥቁሩ፣ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ልብ በሉ፤ ጥያቄው «መልክሽ ምን ይመስላል?» አይደለም። «ፀሐይ ላይ ብትውዪ ቆዳሽ ቀልቶ ይቃጠላል ወይስ ይጠቁራል?» ነው። አንደኛው ደረጃ ሁልጊዜ ይቃጠላል፣ ጭራሽ አይጠቁርም። ስድስተኛው ከነጭራሹ አይቃጠልም ይባላል።

እንግዲህ የኔ «ቀይ» የልጅ ልጅ በዚህ ሚዛን የት ናት? ሐኪሟ አራተኛ ላይ አስቀመጠቻት፤ ያውም ክረምት ስለነበር ነው። ታናሿን አምስተኛ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ አለቻት። አያችሁ፤ በኛ አፍ «ቀይ» የተባለ ሰው ለማሽኑ ነጭ አይደለም። «እኔ ቀይ ስለሆንኩ ማንኛውም ሌዘር ይሆነኛል» የሚል ወሬ ከወጣቶች እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ የሚቃጠሉትም እነዚሁ ናቸው ቢባል አይገርመኝም፤ ጥቁሯ ፈርታ ትጠይቃለች፣ ቀይዋ ሳትጠይቅ ትተኛለች።

ማሽኖቹ የሚለያዩት በሚያወጡት የብርሃን ሞገድ ርዝመት ነው፤ የሚለካው በናኖሜትር ነው። ሩቢው 694፣ አሌክሳንድራይት የሚባለው 755፣ ዳዮድ የሚባለው 800 ወይም 810 አካባቢ፣ ኤንዲ ያግ የሚባለው ደግሞ 1064 ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ላይኛው ቆዳ ላይ ያለው ሜላኒንም ያን ያህል አይውጠውም። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ባለሙያዎች 1064ን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ለፀጉሩ ግን ትንሽ ደከም ይላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ቀጭንና ሳሳ ያለ ፀጉርንም ብዙም አይደፍርም። ዳዮድም ቢሆን በሚያውቅበት ሰው እጅ፣ ኃይሉ ተቀንሶ፣ ምቱ ረዘም ብሎ፣ ቆዳው በደንብ እየቀዘቀዘ ለጠይም ሰው ሊሠራ ይችላል። በሚያውቅበት ሰው እጅ ማለቴን አትርሱ።

አይፒኤል የሚሉት ደግሞ ሌዘር አይደለም፤ ብዙ ዓይነት ብርሃን የተቀላቀለበት መብራት ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራበት በእጅ የሚያዝ ዓይነቱ በብዛት ይኸው ነው፤ ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ይዞት ይመጣል። ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ወረቀት ገልጣችሁ እዩ፤ የቆዳ ቀለም የተደረደረበት ሥዕል አለው፣ ጠቆር ያሉት ላይ የክልከላ ምልክት ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ዕቃ ቆዳውን ራሱ አይቶ አልበራም ይላል። ልጅቷ «ተበላሽቷል» ብላ ታማርራለች። አልተበላሸም።

አንድ የጎረቤት ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እናቷ ፈቅዳልኛለች። ዓረብ አገር አምስት ዓመት ሠርታ ልትመጣ ስትል፣ ሠርጓ ተቆርጦ ነበርና፣ እዚያው አንድ የውበት ቤት እግሯን በሌዘር አስነካች። እዚያ የለመደችው ሃላዋ ነበር፤ ስኳርና ሎሚ አፍልተው የሚነቅሉበትን ማለቴ ነው። ሌዘሩ «አንዴ ተገላግለሽ ትሄጃለሽ» ተባለላት። ማታ እግሯ ውኃ ቋጠረ። እዚህ ስትደርስ ሁለቱም ቅልጥሞቿ ላይ አራት ማዕዘን ጥቁር ምልክቶች ነበሩ፤ የማሽኑ አፍ ያረፈበት ቦታ ሁሉ እንደ ጡብ ተደርድሯል። እናቷ ማታ በጨለማ ነው ወደ ቤቴ ያመጣቻት። ቁስሉ ድኗል፤ የቀረው ቀለሙ ነው። ሠርጉ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ለበሰች። ጥቁሩ ከዓመት በኋላ እየለቀቀ ሄደ። ሁለት ቦታ ላይ ግን ቆዳው ነጣ፤ ቀለም የሚሠራው ክፍል ተጎድቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣባት ከቃጠሎው ይብሳል፤ ውኃ ስትቀዳ ያዩ ሴቶች «ለምጽ» ማለት ጀመሩ።

ለምጽና ሥጋ ደዌ ሲምታቱ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ። በወጣትነቴ ስለ ሥጋ ደዌ ሥልጠና ስወስድ ያስተማሩን የመጀመሪያው ነገር ነጣ ያለ ቦታ ላይ የመዳሰስ ስሜት አለ ወይስ የለም ብሎ መፈተሽ ነበር። ለልጅቷም ያንኑ አደረግሁላት፤ በጥጥ ነካሁት፣ ዓይኗን ጨፍና ቦታውን በጣቷ አሳየችኝ። እናቷ ፊት ነው ያደረግሁት፤ ለጎረቤት የምትነግረው እንድታገኝ ብዬ። ከዚያም ወደ ቆዳ ሐኪም እንድትሄድ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ተብሎ አዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ዛሬ ለቆዳ ሕመም ሁሉ ሰው የሚሄድበት ቦታ ነው። ሰው ስሙን ሲሰማ የሚደነግጠው በድሮው ወሬ ነው።

የልጅ ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ የወረድኩት ይህን ካየሁ በኋላ ነው። ማስታወቂያው የተነገረበት ቤት ንጹሕ ነው፣ መብራቱ ያምራል፣ ሽታው ጥሩ ነው። ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ልጅ ትሑት ነበር።

«ማዘር፣ ይሄ ለሁሉም ቆዳ ይሆናል» አለኝ።

«ስንት ናኖሜትር ነው ልጄ?» አልኩት።

ሳቀ። ከኔ አልጠበቀውም። የማሽኑን ፊት ሲያሳየኝ 755 ይላል። «ሌላ ቁጥር አለው?» ስለው «ይሄ በቂ ነው» አለ። «መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክራችሁ ታያላችሁ?» ስል ደግሞ «ጊዜ ማባከን ነው ማዘር፤ ቅናሹ ዛሬ ለሚጀምር ነው» አለኝ። የወር አበባ ጠያቂ፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ባይ አልነበረም። ለሁለቱም የሚፈርሙበት ወረቀት አንድ ዓይነት ነው።

ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። ትልቋ ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ አላናገረችኝም፤ ታክሲ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ታለቅስ ነበር። አምስት ዓመት የጠበቀችውን ነገር ደጁ ላይ አድርሼ መለስኳት። ክፉ አያት መሆን እንዲህ ነው።

በማግሥቱ የሄድንባት የቆዳ ሐኪም ማሽን ሳታነሳ በፊት የጠየቀቻት ጥያቄ «የወር አበባሽ በስንት በስንት ጊዜ ይመጣል?» የሚል ነበር። ልጅቷ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወለሉን። በሦስት ወር አንዴ፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይዘገያል። ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እንዲያውም ምቾት ሆኖላት ነበር። ሐኪሟ አንገቷን ዞር አድርጋ አየች፤ ማጅራቷ አካባቢ ጠቆር ብሎ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ቆዳ አለ። ሰው እጥበት ያነሰው ይመስለዋል፣ በሳሙና ይፈትጉታል፤ ቆሻሻ አይደለም፣ ሰውነት ውስጥ ያለ የኢንሱሊን መዛባት ምልክት ሊሆን ይችላል። ደም ተመረመረች፣ አልትራሳውንድ ታየች። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባለው ነው ተባለ። የሴት እንቁላል ማምረቻና የሆርሞን መዛባት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአሥሩ አንዷ ገደማ አለባት፤ አብዛኞቹ ሳያውቁት ይኖራሉ። የወንዴ ሆርሞን ከፍ ስለሚል አገጭ፣ ከንፈር ላይ፣ ደረትና እምብርት ሥር ፀጉር ይበቅላል፤ ብጉር ይበዛል፤ ክብደት ይጨምራል፤ መውለድም ሊዘገይ ይችላል።

እናንተ እናቶችና አያቶች፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። የሴት ልጃችሁ አገጭ ላይ ጠንካራ ፀጉር ሲበቅል ስለ ወር አበባዋ ጠይቋት። የወር አበባዋ የሚዛባ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይያት፤ ሌዘሩ ይደርሳል። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከበዛ፣ ድምጿ ከጎረነነ ደግሞ አትዘግዩ፤ ያ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል በቶሎ መታየት አለበት። ሆርሞኑ እንደተዛባ ሌዘር ብቻ ማሠራት የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሆኖ ወለል መወልወል ነው፤ አዲስ ፀጉር ይመጣል፣ ገንዘብ ይሄዳል። እንዲያውም ጠቆር ያለ ቆዳና የሆርሞን ችግር ባላቸው ሴቶች ፊትና አንገት ላይ፣ ደካማ ጨረር በተደጋጋሚ ሲነካቸው ፀጉሩ በመጥፋት ፈንታ የሚበዛበት ጊዜ እንዳለ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው።

ሐኪሟ ሌላም ነገር አገኘች። ልጅቷ ፊቷን ለማፍካት ከሱቅ የገዛችውን ክሬም ትቀባ ነበር። ቱቦውን አሳየቻት፤ ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ይህ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ለተወሰነ በሽታ የሚሰጥ ነው። በየቀኑ ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል፣ ራሱም ፀጉር ያበቅላል። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ሌዘር አይችልም። ከየሱቁ «ማፍኪያ» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ውስጡ ምን እንዳለው የሚያውቅ የለም። የልጃችሁን የመዋቢያ ቦርሳ ክፈቱ አልልም፤ ያስጣላል። ጠይቁ እንጂ።

ክሬሙ ቆመ፣ የሆርሞኑ ሕክምና ተጀመረ። መድኃኒቱ በፀጉር ላይ ለውጥ እስኪያሳይ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ይህን ቀድማ ስለነገረቻት ተስፋ አልቆረጠችም። ከዚያ በኋላ 1064 ባለበት ማሽን መንጋጋዋ ሥር አንዲት ትንሽ ቦታ ተሞከረች። ሁለት ሳምንት ተጠበቀ። በነጭ ሰው ላይ አንድ ሁለት ቀን ይበቃ ይሆናል፤ በኛ ቆዳ ላይ ግን ጥቁረቱ የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ሐኪሟ ያለችኝን አንድ ነገር ለሙያ ባልደረቦቼም አስተላልፋለሁ፦ ነጭ ቆዳ ሲቆጣ ይቀላል፣ ማሽኑን የያዘው ሰው አይቶ ያቆማል። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ አይታይም፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ይላል። አመድማ ከመሰለ ደግሞ ከልክ አልፏል። እኛም ጤና ጣቢያ ሳለን የሕፃናትን ሽፍታ ስንመለከት ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አልገጥም ይለን ነበር፤ ሥዕሉ የፈረንጅ ልጅ ነዋ።

የሌዘሩ ቀን ፀጉሩ ተላጭቶ ይመጣል እንጂ አይነቀልም። ከሥሩ ከተነቀለ ብርሃኑ የሚይዘው አያገኝም፤ ስለዚህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ መንቀል፣ በክርም ሆነ በሃላዋ መንጨት ይቆማል። ለልጅቷ ከሁሉ የከበዳት ይህ ነበር፤ አገጭ በምላጭ! «ይወፍርብኛል፣ ይበዛብኛል» ብላ አለቀሰች። አይወፍርም። ምላጭ የሚቆርጠው ላዩን ብቻ ነው፤ ሥሩን አይነካውም። ጫፉ ስለሚደነብዝ ነው ሻካራ የሚመስለው። ምላጩ የራሷ ብቻ ይሁን እንጂ።

በእያንዳንዱ ጊዜ መካከል ከአንድ ወር በላይ ይጠበቃል፤ ምክንያቱም ሌዘሩ የሚይዘው በማደግ ላይ ያለውን ፀጉር ብቻ ነው፣ የተኛው ቆይቶ ይነቃል። አሁን ስድስተኛውን ጨርሳለች። ፀጉሩ ሙልጭ ብሎ አልጠፋም። በየጠዋቱ የነበረው በሁለት ሳምንት አንዴ ሆኗል፣ የሚወጣውም ቀጠን ያለ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም ለአምራቾቹ የፈቀደላቸው ቃል «ዘላቂ መቀነስ» እንጂ «ለዘላለም ማጥፋት» አይደለም። እዚህ አገር ግን ማስታወቂያው ላይ «ለዘላለም» ሲል እናያለን። ልጅቷ ግን የአፍ መሸፈኛውን አውልቃለች። ምሳ ከሰው ጋር ትበላለች አሉ።

ስለ ፀሐይ ትንሽ። አንኮበር ብርድ ነው፣ ጉም ነው፤ ሰው ፀሐይ ቆዳ ይጎዳል ቢሉት ይስቃል። ነገር ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠናል። ከፍታው በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያጠቁረው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ይልቅ ሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ብርዱ እንጂ ጨረሩ አልቀነሰም። ወደ አልዩ አምባ ቆላ የወረደ ሰው ሙቀቱ ስለሚነግረው ጥላ ይፈልጋል፤ ደጋ ላይ ያለው ግን ጋቢውን ደርቦ ፊቱን ለፀሐይ ይሰጣል። በፀሐይ የጠቆረ ቆዳ ላይ ሌዘር አይሠራም፤ ከሠሩ በኋላም ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት መከለል ያስፈልጋል። የልጅቷ አንደኛው ቀጠሮ ከጥምቀት ሦስት ቀን በፊት ወድቆ ነበር። ታቦት አጅቦ ሜዳ ላይ የሚውል ሰው ጃንጥላ ቢይዝም አይበቃውም፤ ሐኪሟ ዘንድ ደውላ ወደ የካቲት አስተላለፈችው።

ንቅሳት ያለበት ቦታ ላይም አይተኮስም፤ አንገቷን የተነቀሰች እናት ወይም አዲሱን ዓይነት ንቅሳት ያስነቀሰ ልጅ ቀለሙ ጨረሩን ውጦ ይቃጠላል። ጥቁር ነጥብ፣ «ማርያም የሳመችኝ» የምንለውም፣ ይከለላል። ቅንድብና የዓይን አካባቢ በጭራሽ አይነካም፤ ሲሠራም ዓይን በልዩ መነጽር ይሸፈናል፣ የሠራተኛውም ጭምር። እርጉዝ ሴት ትታገሥ። የብጉር እንክብልም ሆነ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ መድኃኒት የምትወስድ ትናገር። ጠባሳዋ እያበጠ የሚወጣባት ልጅም ይህን ሳትደብቅ ትንገር።

ድንገት ቢቃጠሉ ሃያ ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም። ቅቤ አይቀባም፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም፣ ቡናም አይነሰነስም። ይህን ለአርባ ዓመት ተናግሬዋለሁ፣ አሁንም ቅቤ ተቀብቶ የሚመጣ አለ።

ወንዶቹን ረስቼ አይደለም። ፀጉራችን ጥቅል ስለሆነ ሲላጭ ጫፉ ተጠማዝዞ መልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ አገጭ ሥርና ማጅራት ላይ የሚወጣው ጠንካራ ብጉር ከዚያ የመጣ ነው። ፀጉር ቤት በቆየ ምላጭና በማሽን ማጅራት እያስላጨ ዓመት ሙሉ የሚሰቃይ ወጣት ብዙ ነው። አንዳንዱ አብጦ ጠባሳ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሰው በሐኪም እጅ የሚሠራ 1064 ውበት ሳይሆን ሕክምና ነው። መጀመሪያ ግን መላጨቱን ማቆም፣ ቢያንስ ትንሽ ማሳደግ፤ ጢም ለማንም አላሳፈረም።

ታናሿስ? ሐኪሟ «ትችያለሽ፣ ግን በዝግታ፣ በትንሽ ኃይል፣ ብዙ ጊዜ» አለቻት፤ ሙሉ እግር ለዚያ ሁሉ ጊዜ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ስትሰማ ጉዳዩ አለቀ። ምላጭ ገዛች።

ባለፈው ሰሞን ሁለቱም ለበዓል ሲመጡ ታናሿ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችና «እምዬ፣ አንቺንም እንውሰድሽ፤ ሦስት አለሽ» አለችኝ። አለኝ፤ ሦስቱም ግን ነጭ ናቸው። ሽበት ሜላኒን የለውም፣ ሌዘሩ የሚይዘው የለም፣ የቱንም ያህል ናኖሜትር ቢሆን። በኤሌክትሪክ መርፌ አንድ በአንድ የሚያጠፉት ለሽበትም ይሠራል አሉ፤ ለሦስት ፀጉር ብዬ አዲስ አበባ አልወርድም። ወረንጦ አለኝ፤ እናቴ ከኩክ ማውጫዋ ጋር አንገቷ ላይ ታንጠለጥለው የነበረው ነው። አንዱ ጫፉ ትንሽ ላልቷልና ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ሳገኝ አስተካክሎ እንዲያመጣልኝ እልካለሁ።